ከዘጠና ሰባት በላይ

ጅማት ጠዋት ጠዋት ይርበዋል። በቆላ ሜዳ ማረሚያ ቤት የሽመና ክፍል የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራ እሱን ማብላት ነው። ታራሚዎቹ ገና ቁርስ ሳይቀምሱ በየገንዳው ላይ የተንጠለጠለውን ሕያው ክር ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ያጠጡታል። ክሩ ሲጠግብ ይለሰልሳል፤ ካልጠገበ ግን ይኮማተርና የሸማኔውን ጣት ይቆነጥጣል። አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣሉ፤ በሳምንቱ እንደ ጥጃ እያባበሉ ሲያጠጡት ይገኛሉ።

መምህርት የሺመቤት ጓንጉል በገንዳዎቹ መካከል እየተመላለሰች ክሩን በጥፍሯ ነካ ነካ ታደርጋለች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ታራሚዎቹ «እትዬ የሺ» ይሏታል፤ ይፈሯታል፣ ይወዷታል፣ ሲበሳጩባት ደግሞ ከኋላዋ አረማመዷን እየኮረጁ ይስቃሉ። ይህን የሽመና ክፍል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአራት ገንዳና በሁለት መሸመኛ የጀመረችው እሷ ናት። ያን ጊዜ «ለነፍሰ ገዳይ ሙያ ማስተማር ለጅብ ቢላዋ መሳል ነው» ያሏት ባለሥልጣናት ነበሩ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ክሩ የሚበቅለው ከእንሰት ቃጫና ከሰው ሕዋስ ነው። ተሸምኖ ጅማት ይሆናል፤ ጅማቱም እጃቸው ወይም እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ይተከላል። ማሽን የሸመነውን ጅማት ሥጋ አይቀበለውም። ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ሸማኔዎቹ ግን አይከራከሩም፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። ሙያውን የሚማሩት በመሪ ጓንት ነው። መሪ ጓንት የአንድ ሊቅ ሸማኔን የእጅ እንቅስቃሴ በውስጡ የያዘ ስስ ጓንት ሲሆን የለባሹን ጣቶች እየጎተተ ያስለምዳቸዋል። ተማሪው ሁለት ዓመት በጓንት ከሠራ በኋላ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ይፈተናል። ፈታኙ ሰው አይደለም። ከመሸመኛው በላይ የተሰቀለ መዛኝ የሚባል ዓይን አለ፤ እያንዳንዷን የጣት እንቅስቃሴ አይቶ ከሊቁ እጅ ጋር ያስተያይና «አልፏል» ወይም «ውድቅ» ይላል። ነጥቡን አይናገርም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጥጋቡ ወርቄ ለሦስተኛ ጊዜ ሊፈተን መዛኙ ሥር ተቀመጠ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ጎረቤቱን በአካፋ መትቶ ገድሏል። ፍርድ ቤት ቀርቦም አልካደም። ከተፈረደበት አሥራ ስምንት ዓመት አሥራ ሁለቱን ስለጨረሰ የፊታችን ሐሙስ አመክሮ ጉባኤ ፊት ይቀርባል። ጉባኤው የሙያ ምስክር ወረቀት የሌለውን አይለቅም። እናቱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሐሙስ ካልተፈታ ስድስት ዓመት ይቀረዋል፤ ስድስት ዓመት ደግሞ ለሰማንያ አራት ዓመት እናት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ጓንቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሃያ ሁለት ታራሚዎች ቆመው ያያሉ። ከዚህ በፊት ሁለቴ በጓንት ታግዘሃል ተብሎ ስለወደቀ፣ በዚህኛው የሺመቤት ራሷ ክንዱን እስከ ክርኑ ገልጣ ፈትሻዋለች። ጥጋቡ መሸመን ጀመረ። እጁ አይቸኩልም፤ አይዘገይምም። ማጉን ያሳልፋል፣ ይጠብቃል፣ ክሩ ትንፋሽ ሲወስድ ያጠብቃል። ያንን መጠበቅ ማንም አላስተማረውም። በመኝታ ክፍሉ ከብርድ ልብሱ በመዘዘው ክር ለዓመታት ጣቱን እያለማመደ፣ ጠዋት ጠዋት ከሚያጠጣው ሕያው ክር ጋር ተግባብቶ ያገኘው ነው።

ሥራው አለቀ። መዛኙ አረንጓዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። «በጓንት የታገዘ። ውድቅ። ሦስተኛ።»

ጥጋቡ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የሺመቤት መዛኙን ሽቅብ አየችና «ዓይንህ ይፍሰስ» አለችው፣ እንደ ሰው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገሰገሰች።

ኮማንደር አብነት ጨዋ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እሷን ከምንም በላይ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ይቀመጡ መምህርት።»

«አልቀመጥም። መዛኙ ተበላሽቷል። ሃያ ሁለት ሰው ቆሞ ባየው ባዶ እጅ ላይ ጓንት አየሁ ይላል።»

«መዛኙ እኮ ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም፣ አኩርፎም አይጥልም። ሲተከል ይህን ለጋዜጠኞች የነገሯቸው እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«ያን ጊዜ ጤነኛ ነበር።»

«ሦስቴ ያጭበረበረ ለሁለት ዓመት አይፈተንም። ደንቡ ነው።»

«አጭበረበረ? አየኸው? እኔ እኮ አይቼዋለሁ። የምነግርህ ያየሁትን ነው።» ኮማንደሩን አንተ እንዳለችው ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ አልመለሰችውም። «መሐንዲስ አስመጡና ይከፈት። ብልሽት ከተገኘ ፈተናው ይደገማል፤ ይህም ደንብ ነው።»

ኮማንደሩ ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። እሺ ሲልም ድምፁ ያው ነው።

ማክሰኞ መሐንዲሷ መጣች። ብሩክታዊት ትባላለች፤ ትንሽ የምትናገር፣ መነጽሯን ደጋግማ የምትጠርግ ወጣት ናት። መዛኙን አውርዳ ሆድ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የሺመቤት በሩ ላይ ቆማ ብታያት ብታያት የምታገኘው ነገር ስለሌለ ጥጋቡን ፍለጋ ሄደች። ገንዳው አጠገብ ጅማት ሲያበላ አገኘችው።

«ስማኝ» አለችው ዝቅ ብላ። «ይህ ማሽን ደደብ ነው። ንጹሕ ሥራ ሲያይ ጓንት ይመስለዋል። ምናልባት ነገ ያስፈትኑሃል። አንዲት ማግ አላልተህ እለፍ። አንዲት ብቻ። ያኔ ሰው መሆንህን ያምናል።»

ጥጋቡ ገንዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳያት። ለፈተና የሚሸመን ጅማትም እንደ ሌላው ወደ ሰው ነው የሚሄደው። ወረቀቱ «ወይዘሮ ሙና፣ ጸጉር ሠሪ፣ ደሴ፤ የቀኝ አውራ ጣት» ይላል።

«እትዬ የሺ፣ ላላ ያለችው ማግ እኮ እሳቸው እጅ ላይ ነው የምትበጠሰው።»

«ወዲያው አትበጠስም። ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ...»

«ይህ እጅ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ተሳስቷል» አለ ጥጋቡ፣ ስኳር ውሃውን እያንጠባጠበ። «ሁለተኛ እያወቅሁ አላሳስተውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የሺመቤት ተናደደች። በእሱ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለውን ሰው እንዲህ ያለ ነገር በለመነው አፏና ለዚህ ባደረሳት ማሽን ነው የተናደደችው። ያን ቀን ምሳዋንም በቅጡ አልበላችም።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ብሩክታዊት አስጠራቻት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች የሺመቤት ገና ከበሩ።

«ምንም አልሆነም። ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ?»

«ነጥቡን አወጣሁት። ሦስቱንም ጊዜ ከመቶ ዘጠና ስምንት ነው ያመጣው። ማለፊያው ሰማንያ ነው።»

የሺመቤት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ዘጠና ስምንት። እሷ ራሷ በደህና ዘመኗ ዘጠና አራት ነበረች።

ብሩክታዊት መነጽሯን እየጠረገች ቀጠለች። «በከተማ ማሠልጠኛዎች ያለውም መዛኝ ይኸው ዓይነት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ዘጠና ስምንት አምጥታ ሸልመዋታል። እዚህኛው ላይ ግን በኋላ በሰው የተጨመረ ትእዛዝ አለ። ላንብብልዎት። ተፈታኙ ታራሚ ከሆነና ከዘጠና ሰባት በላይ ካመጣ በጓንት እንደታገዘ ይቆጠር። ውድቅ ይደረግ።»

የሺመቤት ይህን ስትሰማ የተሰማት ንዴት ሰኞ ከተሰማት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የሰኞው የትንኝ ንክሻ ነበር። ማሽን ቢሳሳት ማሽን ነው፤ ይህ ግን ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ የጻፈው ነው።

«ማን ነው?» አለች። «ስሙን ስጪኝ። ይህን የጻፈ ሰው ታራሚን ከሰው አይቆጥርም። የታሰረ ሰው እጅ ጎበዝ ሊሆን አይችልም፣ ጎበዝ ከሆነ ሌባ ነው ማለት እኮ ነው። በስንቱ ሲሳለቅ ኖሯል! ነገ ጉባኤው ፊት አቁሜ ባላዋርደው የጓንጉል ልጅ አይደለሁም። ማን ነው ልጄ? ኮማንደሩ ነው? ከላይ ነው የመጣው?»

ብሩክታዊት ያነበበችበትን ሰሌዳ ቀስ አድርጋ ወደ እሷ አዞረችው።

ትእዛዙ የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ምክንያቱ ከሥሩ ሰፍሯል። «ታራሚ በሁለት ዓመት ሥልጠና በገዛ እጁ ከዘጠና ሰባት በላይ ሊያመጣ አይችልም። ካመጣ አታሏል ማለት ነው።» ከዚያ በታች፦ የሺመቤት ጓንጉል፣ የክፍሉ መምህርት።

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ትዝ አላት። ትዝ ያላትም ቀስ በቀስ አልነበረም፤ አንድ ላይ ነው የመጣባት። ዳምጤ የሚባል ታራሚ ነበር። የቆዳ ቀለም የተቀባ ስስ ጓንት ለብሶ ተፈተነ፤ አለፈ፣ ተፈታ፣ በኋላ ተደረሰበት። በስብሰባ ላይ «መምህርቷን ጓንት አለበሷት» ተብሎ ተሳቀባት። ከስብሰባው እንደወጣች እንደ በርበሬ እየነደደች አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይህችን ትእዛዝ ጽፋ ላከች። ያኔ የነበረው መሐንዲስ አስገባት። እሷም ረሳቻት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አንቺ ግን በርየሽ ብቻ አልቀረሽም፣ ልጡን ሁሉ ሰብስበሽ አቃጠልሽ አለች ለራሷ። ከደቂቃ በፊት የረገመችው ሰው እሷው ናት። ለካ የራሷ እያረረባት የሰው ስታማስል ኖራለች።

«ስንት ሰው ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ከጥጋቡ ጋር አሥራ አራት። ቀረጻቸውን ሁሉ አየሁት። አንዳቸውም ጓንት አላደረጉም።»

ዝርዝሩ ከነነጥባቸው ሰሌዳው ላይ ነበር። ስምንቱ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። ሁለቱ እዚሁ ሞተዋል። አራቱ አሁንም ታስረዋል። ከአራቱ አንዱ አያሌው ነው፣ በሠራተኞች ወጥ ቤት ዕቃ የሚያጥበው። በየቀኑ የምሳ ሳህኗን የምትቀበለው ከእሱ እጅ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የሌባ እጅህን ከክሬ ላይ አንሣ» ያለችው አሁን በጆሮዋ ተሰማት።

ብሩክታዊት በሩን ዘጋችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። «ትእዛዙን አሁኑኑ ልሰርዘው እችላለሁ። በሪፖርቱ ላይ የመዛኝ ብልሽት ብዬ እጽፋለሁ። ብልሽት ከሆነ ፈተናው ነገ ጉባኤው ፊት ይደገማል፣ ጥጋቡም ምስክር ወረቀቱን እዚያው ይይዛል። የእርስዎም ስም አይነሣም።»

«እውነቱን ከጻፍሽስ?»

«የሰው ውሳኔ ስለሆነ በአጣሪ ነው የሚታየው። የጥጋቡ ጉዳይ እስኪጣራ ይቆማል። ሁለት ወር፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

«ብልሽት ከተባለ አሥራ ሦስቱስ?»

«ብልሽቱ የዚህ ወር ነው የሚባለው። የእነሱ መዝገብ እንደነበረ ይቀራል። አጭበርባሪ እንደተባሉ።»

«ጥጋቡ ከወጣ በኋላ ብናገርስ?»

«በሐሰት ሪፖርት የተገኘ አመክሮ ይሻራል። መልሰው ይይዙታል።»

የሺመቤት ተነሥታ ወደ ሽመና ክፍሉ ሄደች። ጥጋቡን ወደ ጓሮ ጠራችውና ሁሉንም ነገረችው፤ ምንም አላስቀረችም። ስትጨርስ «አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

ለዓመታት አንቱ ሲላት የኖረው ሰው ቀና ብሎ አያት። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለ።

«ጥጋቡ...»

«ስትፈርጂብኝ ጠይቀሽኛል? እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ዋሺልኝ ብልሽ አሥራ ሦስት ሰው ቀብሬ ልወጣ ነው። እውነቱን ተናገሪ ብልሽ እናቴን ልቀብራት ነው። ይህን ሸክም አንቺ ነሽ ያመጣሽው፤ እኔ ትከሻ ላይ አትጫኝው።» አንድ እርምጃ ቀረባት። «እኔ የገደልሁት ሰው አሰጌ ታፈረ ይባላል። በየጠዋቱ ከአልጋዬ ስነሣ ስሙን እጠራለሁ። አንቺ የእነዚያን ሰዎች ስም ታውቂዋለሽ?»

የሺመቤት መቁጠር ጀመረች። ዝርዝሩን ካየችው ግማሽ ሰዓት አልሆነውም። ስድስት ስም ጠርታ ቆመች። የቀሩትን ብትፈልግ ብትፈልግ አልመጡላትም።

ጥጋቡ ትቷት ወደ ገንዳው ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት አመክሮ ጉባኤው ተሰየመ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ጸጉራቸው የሸበተ ዳኛ ነበሩ። ጥጋቡ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ኮማንደር አብነት «የመዛኝ ብልሽት» የሚል ሪፖርት ቀርቦ ፈተናው እዚያው እንደሚደገም እርግጠኛ ስለነበር ፊቱ ዘና ብሏል። የሺመቤት ሌሊቱን ሁሉንም ስሞች በቃሏ አጥንታቸዋለች። ተነሥታ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ከዚያ ትእዛዙን ማን እንደጻፈው፣ በምን ንዴት እንደጻፈው፣ ስንት ዓመት እንደሠራ ተናገረች።

«ማሽኑ አልተሳሳተም» አለች። «እኔ ያልሁትን ነው ያደረገው። ጎበዝ ታራሚ የለም አልሁት፣ ጎበዝ ባየ ቁጥር ጣለልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

«ይህን ለምን ዛሬ ነገሩን?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይበሉኝ። ያወቅሁት ትናንት ነው። ማወቅ የነበረብኝ ግን ትናንት አልነበረም።»

ጉባኤው ወጥቶ ተማክሮ ተመለሰ። የአሥራ አራቱም መዝገብ እንዲመረመር፣ መምህርቷ እስኪጣራ ከፈተና ክትትል እንድትነሣ፣ የጥጋቡ ወርቄ ጉዳይም ከሁለት ወር በኋላ እንዲታይ ወሰነ። ሰብሳቢዋ ውሳኔውን ሲያነቡ ጥጋቡን ማየት አልደፈሩም።

ጥጋቡ በአጠገቧ ሲያልፍ አላያትም። ኮማንደሩ ግን ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዛሬ ቤቱ ይገባ ነበር! ለማን ደስ እንዲለው ነው?»

ለማንም ደስ እንዲለው አልነበረም። እሷንም ደስ አላላትም። ሰው እውነት ሲናገር ቅልል ይለዋል የሚሉት ነገር ውሸት መሆኑን ያን ቀን አወቀች። ሆዷ ውስጥ ያለው ንዴት እንዳለ ነበር። ባለቤቱን ግን አሁን ታውቀዋለች።

ከአዳራሹ ወጥታ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አያሌው እጅጌውን ሰብስቦ ድስት እያጠበ ነበር። ሲያያት ምሳ የፈለገች መስሎት ሳህን አነሣ።

«አይደለም» አለችው። «የምነግርህ አለኝ።»

ቆማ ነገረችው። ውሃው እየፈሰሰ ነው። አያሌው እጁን አላቋረጠም፤ ድስቱን ከውስጥ ፈተገ፣ ገለበጠ፣ ከውጭ ፈተገ። ይቅርታ ስትለውም ፍተጋውን ቀጠለ። ቢሰድባት፣ ውሃውን ቢደፋባት ትመርጥ ነበር።

ድስቱን መደርደሪያው ላይ ደፍቶ «ስንት ነበር ያመጣሁት?» አለ።

«ዘጠና ዘጠኝ።»

አያሌው ውሃውን ዘጋ። የረጠቡ እጆቹን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አገላብጦ አያቸው፤ ጣቶቹ በሳሙናና በትኩስ ውሃ አብጠው ተሰነጣጥቀዋል። አውራ ጣቱን ሊያጥፍ ሞከረ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

«የቀረችው አንዷስ?» አለ። «የት ላይ ነው የተሳሳትሁት?»

የሺመቤት እሱ በተፈተነ ቀን፣ መዛኙ ቀይ ሲሆን ሥራውን ከመሸመኛው ላይ ቀድዳ ወደ ቆሻሻው ወርውራዋለች።

«አላውቅም» አለችው። «ሽመናህን አላየሁትም።»